ዘራፍ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር

ከቤቴ በር እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግር 22 ደቂቃ ነው። መንገዱን የለካሁት በሙዚቃ ነው፤ ስሄድ የሸክላው አንደኛ ገጽ፣ ስመለስ ሁለተኛው። ሸክላ ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ እጄ ላይ ያለው ስልክና አንዱ ጆሮው ሲፈልግ የሚሠራ ሳይፈልግ የሚጠፋ ማዳመጫ ነው። የሸክላ ማጫወቻ ሐዋሳ ውስጥ ያየሁት አንድ ቡና ቤት መደርደሪያ ላይ ነው፤ እሱም አበባ ተቀምጦበት።

ሰሞኑን የሚያመላልሰኝ «አብሶሉት ኤልስዌር» የተባለው የብለድ ኢንካንቴሽን አልበም ነው። ቡድኑ የአሜሪካ ነው፤ ኮሎራዶ ውስጥ ካለችው ከዴንቨር። የሚጫወቱት ዴዝ ሜታል ነው፤ ዘፋኙ ከጉሮሮው የሚጮኽበት፣ ጊታሩና ከበሮው የሚጣደፉበት ከባድ ሮክ። አልበሙ የወጣው በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታችም ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቱ በፈረንጅ ነው) ስለሆነ ለሌላው አዲስ ላይባል ይችላል፤ እኔ ዘንድ ግን ሙዚቃ አዲስ የሚሆነው ሲደርሰኝ ነው። ሁለት ዘፈን ብቻ ነው ያለው። ሁለቱም ከ20 ደቂቃ ይበልጣሉ፤ ሲደመሩ ወደ 44 ደቂቃ ይጠጋሉ። እያንዳንዳቸው ሦስት ቦታ ተከፍለዋል፣ ክፍሎቹንም «ታብሌት» ብለዋቸዋል፤ ጥንት በጭቃ ላይ ይጻፍ የነበረውን ዓይነት ጽላት ማለታቸው ነው። ይህቺን ቃል አባቴ ፊት አልተረጎምኳትም። ጽላት ሲባል እሳቸው የሚያስቡት ሌላ ነው፤ ከዚያ ጩኸት ጋር አብረው ቢሰሟት ቤቱን ጠበል ሳያስረጩ አያድሩም ነበር። ደግሞ ነገሩን እዩት፦ በእኛ ቋንቋ የተጻፈበት ጭቃም ሸክላ ነው፣ የሚዞረው ዲስክም ሸክላ ነው። ዴንቨሮች ይህን ቢያውቁ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

አልበሙን የላከልኝ የድሮ የባንድ ጓደኛዬ ነው፤ ኪቦርድ ይጫወታል። ከፋይሉ ጋር አብሮ የላከው መልእክት አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ኮፒ ነው፣ ግን ስማው።»

በማግስቱ ቡና ስንጠጣ ክሱን ዘረዘረልኝ። ጩኸቱና የጊታሩ ጥድፊያ ከፍሎሪዳው የዴዝ ሜታል ቡድን ከሞርቢድ ኤንጅል። ለስላሳው ቦታ ከእንግሊዙ የሮክ ቡድን ከፒንክ ፍሎይድ። የኪቦርዱ ባሕር ከጀርመኑ የኪቦርድ ሙዚቃ ቡድን ከታንጀሪን ድሪም። «ሽሮ እኮ ነው» አለኝ፣ «ሽንብራውን ከዚህ፣ ባቄላውን ከዚያ፣ ቅመሙን ከጎረቤት ለምነው ወፍጮ ቤት ወስደው አስፈጩት።»

በመረጃ ደረጃ ልከራከረው አልቻልኩም። እንዲያውም እሱ ያላወቃቸውን ጨመርኩለት። የአልበሙ ስም ራሱ የሰው ነው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ የፕሮግሬሲቭ ሮክ ቡድን ነበር። የተቀረጸው በርሊን፣ ሃንዛ ስቱዲዮ ነው፤ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ በ1977 «ሂሮስ» የተባለውን አልበሙን የቀረጸበት፣ ያኔ የበርሊን ግንብ ከመስኮቱ ይታይ የነበረ ቤት። ታንጀሪን ድሪም በ1967 የተመሠረተው እዚያው በርሊን ነው፤ ዛሬ ቡድኑን የሚመራው ቶርስተን ክቬሽኒንግ ደግሞ በዚህ አልበም የመጀመሪያ ዘፈን ሁለተኛ ክፍል ላይ ራሱ ይጫወታል። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ሲኒውን አስቀመጠና ሳቀ። «ሌባው ባለቤቱን ሻይ ጋብዞታል በለኛ!»

ሳቅን። ግን ይቺ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረች።

እኔ በኮፒ ላይ አፌን ሞልቼ መናገር የማልችል ሰው ነኝ። እንጀራዬ ኮፒ ነበር። ለ6 ዓመት ሆቴል ውስጥ ማታ ማታ ጊታር ስጫወት የተቀጠርኩት የካሴቱን ድምፅ እንዳለ እንድመልስ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ትዝታ ላይ የራሴን ሶሎ ጨመርኩ፤ ረዘመ እንጂ መጥፎ አልነበረም። ከመድረክ ስወርድ አለቃችን ኮሪደር ላይ ጠብቆ «ሰው የከፈለው ለሚያውቀው ነው፣ የማያውቀውን ቤትህ ተጫወት» አለኝ። ተናድጄ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ትዝታን የጀመረው ማን እንደሆነ ያ አለቃም እኔም አናውቅም፤ ስንትና ስንት ድምፃዊ እየተቀባበለ ዘፍኖታል፣ «የእገሌን ሰረቀ» የተባለ የለም። ትዝታ ቅኝት ነው፤ ቤት ነው። የምትጠየቀው ገብተህ ምን እንዳደረግክበት ነው።

ወደ ዴዝ ሜታል የገባሁት በስህተት ነው ማለት ይቻላል። ሚሊኒየሙ አካባቢ፣ 2000 ዓ.ም. ላይ፣ ሙዚቃ ቤት ሄደን ፍላሽ ላይ ዘፈን እናስጭን ነበር። ልጁ «ሮክ» ብሎ የሰየመው ፎልደር ነበረው፤ ሴሊን ዲዮን፣ ከሷ ቀጥሎ ዌስትላይፍ፣ ከዚያ መሐል እንዴት እንደገባ እግዜር የሚያውቀው አንድ የዴዝ ዘፈን። ዴዝ የቡድኑ ስም ነው፤ በፍሎሪዳው ቸክ ሹልዲነር ይመራ የነበረ፣ የመጀመሪያ አልበሙን በ1987 ያወጣ። ሹልዲነር በ2001 በካንሰር ሲሞት 34 ዓመቱ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ያን ቀን የመሰለኝ ፍላሹ ተበላሽቶ ድምፁ የተቃጠለ ነው። ገንዘቤን ላስመልስ ሙዚቃ ቤት ልመለስ ስል መሐሉ ላይ አንድ ጊታር ተነሥቶ እንደ ሰው አለቀሰ፤ ቆምኩ። አልተመለስኩም። ያ ልጅ ያስከፈለኝ ሳንቲም ዛሬም የሚቆጭ አይደለም።

አልበሙን አባቴ የሰሙት መብራት በጠፋ ማታ ነው። ማዳመጫዬ እንቢ ስላለኝ ስልኩን በረንዳ ላይ ከፈትኩት። አባባ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወንበራቸውን ይዘው መጡ። ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ በልጅነታቸው ዋሸራ ቤት 4 ዓመት ቅኔ ቆጥረዋል፤ ከዚያ የመንግሥት ሥራ ሐዋሳ ጣላቸው፣ እዚሁ ቀሩ። ጥቂት ዝም ብለው አዳመጡ።

«ይሄ ሰውዬ ምን አግኝቶት ነው?»

«ዘፈን ነው አባባ።»

«ዘፈኑንማ እየሰማሁ ነው፤ የሰውየውን ነው የጠየቅኩህ።» ትንሽ ቆዩና፣ «እየፎከረ ነው?»

«እንደዚያ በሉት።»

«ማን ገድሎ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ዴዝ ሜታል ገዳይ የሌለበት ፉከራ ነው፤ ቢያንስ እነዚህ ሰዎች የሚጮኹት ስለ ከዋክብትና ስለ ሰው ልጅ ምንጭ ነው። ግን አባባ በአንድ ጊዜ የያዙት ነገር እኔ 15 ዓመት ስሰማ ያልያዝኩት ነው። ያ ከጉሮሮ ሥር የሚወጣ ድምፅ፣ ቃሉ ከመሰማቱ በፊት ጉልበቱ የሚሰማው፣ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ሲነፋ ያወጣው የነበረው ድምፅ ይኸው ነው፤ ሳክስፎኑ አይዘፍንም፣ ይደነፋል። ለዚህ ይመስለኛል ኋላ የኔዘርላንዱ የፓንክ ቡድን ዘ ኤክስ እሱን ፈልጎ ያገኘውና በ2006 «ሞዐ አንበሳ»ን አብረው የቀረጹት። ጌታቸው በ2016 ሲያርፍ የጃዝ ሰውም የፓንክ ሰውም አዘነ። ሐዋሳ ላይ እኔም አዝኛለሁ፤ ምክንያቴ የሜታል ቢሆንም።

«ጓደኛዬ ሰረቁ ይላቸዋል» አልኳቸው ለአባባ።

«ሰረቁ ወይስ ዘረፉ?»

«ምን ልዩነት አለው?»

የልጅ ጥያቄ እንደጠየቅኳቸው አዩኝ። «ቅኔ ይሰረቃል እንዴ? ቅኔ ይዘረፋል እንጂ!»

እውነታቸውን ነው፤ ቃሉን ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼው አስቤበት አላውቅም። ባለቅኔ ቆሞ ከአፉ አዲስ ቅኔ ሲያወጣ «ዘረፈ» ነው የሚባለው። ፎካሪውም ከአፉ መጀመሪያ የሚወጣው «ዘራፍ!» ነው። አባባ እንዳስረዱኝ ሌባ በጨለማ መጥቶ ስሙን ደብቆ ይወስዳል፤ ዘራፊ ግን በቀን፣ ሰው እያየው፣ የማን ልጅ እንደሆነ ተናግሮ ነው። የዘረፈውንም ለብሶት ይታያል።

ቀጠሉና ሌላውን ነገሩኝ። ድጓ የሚማር ልጅ ከመምህሩ አፍ የሰማውን አንዲት የዜማ ምልክት እንኳ ቢያጎድል ይመታል፤ ዜማው እንደተቀበሉት መመለስ አለበት። ቅኔ ቤት ግን በተቃራኒው ነው። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ ቢደገም ውርደት ነው፤ ለየቀኑ አዲስ። ሆኖም አዲሱ ቅኔ የሚገባበት ልክ አሮጌ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ማንም ተነሥቶ ዘጠኝ ቤት መወድስ ልሥራ አይልም። ልኩ የጋራ ነው፤ የሚሞላው ያንተ ነው። ሲሠምርልህ ጉባኤው «ይበል! ይበል!» ይልሃል።

«እነዚህስ የማን ቤት ናቸው?» አሉኝ ወደ ስልኩ በአገጫቸው እያመለከቱ።

አየህ፣ ይሄ ጥያቄ ነው እንጂ። ዴዝ ሜታልም ቤት ቤት አለው። የታምፓ ቤት አለ፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ሞሪሳውንድ የሚባል ስቱዲዮ ነበር፣ ስኮት በርንስ የሚባል የድምፅ ባለሙያ ያለበት፣ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግማሹ የዓለም ዴዝ ሜታል በዚያ በር የገባ የወጣ የሚመስል። የሞርቢድ ኤንጅል የ1989 አልበም የተቀረጸው እዚያ ነው። የስቶክሆልም ቤት አለ፤ ሰንላይት ስቱዲዮ፣ የድምፅ ባለሙያው ቶማስ ስኩግስበሪ፣ እና ኢንቱምድ የተባለው ቡድን በ1990 ያወጣው አልበም። የዚህ ቤት ምልክቱ በእግር ተረግጣ የጊታሩን ድምፅ የምትለውጥ፣ ብርቱካናማ ጽሑፍ ያላት አንዲት ጥቁር ፔዳል ናት፤ የጃፓኑ ቦስ የሠራት ኤችኤም-2። ስዊድኖቹ ቁልፎቿን ሁሉ እስከ መጨረሻ አዙረው ጊታሩን እንጨት እንደሚቆርጥ መጋዝ አስጮኹት። ቦስ በ1991 ፔዳሏን መሥራት አቆመ። ሰው ግን ድምፁን አልተወውም፤ አሮጌዎቹ ፔዳሎች በውድ ይሸጡ ጀመር፣ በመጨረሻ ኩባንያው ራሱ በ2021 እንደገና ሠራት። ከስቶክሆልም እጅግ በራቁ ከተሞች ያሉ ልጆች ዛሬም ያችኑ ፔዳል ረግጠው ያንኑ መጋዝ ያስነሣሉ።

እነዚህ ልጆች ድጓ ነው የሚያደርሱት፤ ከመምህሩ አፍ እንደወጣ። አልንቃቸውም። በደንብ የደረሰ ድጓ ሰምቼ አልቅሼ አውቃለሁ፣ በደንብ የተረገጠ ኤችኤም-2ም ደስ ይለኛል። ግን ድጓ እያደረሱ ቅኔ ተቀኘን ሲሉ ነው የሚከነክነኝ፤ ዝርዝሩን ብጽፍ ለብዙ አልበም አይበጅም።

ብለድ ኢንካንቴሽን የታምፓን ልክ ይዘው ሌላ ቤት ሊዘርፉ ወጡ ብዬ ነው የምሰማቸው። ከቤቴ ስወጣ ገና በሩን ሳልዘጋ ይጀምራሉ፤ ሰላምታ የለ፣ መግቢያ የለ። ዋናው አስፋልት ላይ ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋ ሲያልፈኝ ከበሮው ከባጃጁ ይፈጥናል። ከዚያ፣ ዛፎቹ ጥላ ከሚጥሉበት ቦታ ሳልደርስ፣ ጊታሩ በድንገት ይጠራና ሙዚቃው ወገቡን ፈትቶ መሄድ ይጀምራል፤ የፒንክ ፍሎይድ አገር ገባን ማለት ነው። የደነቀኝ መሸጋገሪያ አለማበጀታቸው ነው። እንደ ሐዋሳ የሐምሌ ዝናብ ነው፤ መንገዱ በዚህ በኩል ደረቅ በዚያ በኩል ጎርፍ። አንድ ሌላ ቡድን ቢሆን ለስላሳውን ቦታ ለብቻው ዘፈን አድርጎ፣ «እዩን እኛ ይህንንም እንችላለን» ይል ነበር። እነሱ በ2022 እንደዚያ አድርገውታል፤ ጩኸትና ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ የሚሻከር የጊታር ድምፅ) የሌለበት፣ የኪቦርድ ብቻ የሚመስል አልበም አውጥተው ነበር፣ አሰልቺ ነበር ብል ይቅር ይበሉኝ። አሁን ግን ሁለቱን አንድ ጎተራ ውስጥ ጨመሯቸው።

ሁለተኛው ክፍል ላይ የበርሊኑ ሰውዬ ሲገባ ውኃው ዳር ደርሻለሁ። ጀልባ ነጂዎች «ጉማሬ እናሳይህ!» ይሉኛል፤ ስንት ዓመት ስመላለስ አይተውኝ እንግዳ ያስመስሉኛል። ጉሬዛዎቹ ዛፍ ላይ ናቸው። ከአሞራ ገደል በኩል የዓሣ ሽታ ይመጣል፣ አባ ኮዳዎቹም እንደ ጡረተኛ ዳኛ ትከሻቸውን ሰብስበው የተጣለ የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ኪቦርዱ ሲዘረጋ ከሐይቁ ጋር ይስማማል፤ ይህን ማለት ቀላል ነው፣ ሐይቅ ዳር ሁሉም ኪቦርድ ይስማማል። የሚገርመው ኪቦርዱ ላይ ጩኸቱ ሲመለስ ነው። አባ ኮዳ ድንገት ክንፉን ሲዘረጋ አይታችሁ እንደሆነ፣ ያ የተኮራመተ ነገር ምን ያህል ሰፊ እንደነበር የምታውቁት ያኔ ነው። እንደዚያ ነው። ታንጀሪን ድሪም ብቻውን ይህን አላደረገም፤ ሞርቢድ ኤንጅልም። ሁለቱ በአንድ ቤት ሲነዱ ብቻ የተሰማ ሦስተኛ ነገር አለ፣ እሱ ነው ቅኔው። ባለቤቱን ጠርተህ «ና፣ ከቤትህ የነዳሁትን ፈረስ አብረን እንጋልበው» ማለት ድፍረት ነው፤ ሌባ ይህን አያደርግም።

ስመለስ የምሰማው ገጽ ላይ ግን ጓደኛዬ ትክክል የሆነበት ቦታ አለ። የሁለተኛው ዘፈን መካከለኛ ክፍል ጩኸቱን ትቶ በለስላሳ ድምፅ ይዘፍናል። ያምራል፤ ችግሩም እዚያው ነው። ፒንክ ፍሎይድን ለማያውቅ ሰው ያምራል፣ ለሚያውቅ ደግሞ ያስታውሳል። ቀደም ሲል የተዘረፈው ሁሉ አዲስ ጌታ እንዳገኘ ይሰማ ነበር፤ እዚህ ጋ ግን ፈረሱ ገና የድሮ ጌታውን ስም ሲጠሩለት ነው ጆሮውን የሚያቆመው። እዚያ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ፒያሳ አካባቢ ነኝ፤ ጫጫታው ይሸፍነዋልና ብዙ አልቸገርም። የመጨረሻው ክፍል እንደገና ሲናጥ ደግሞ ይቅር እላቸዋለሁ።

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ በድምፅ መልእክት ላክሁለት፤ 9 ደቂቃ። መልሱ «አንተ ከአባትህ ጋር ማታ ማታ አትቀመጥ» የሚል ነበር።

ትናንት ማታ መብራት እንደገና ጠፋ። አልበሙ ጣቴን ሲበላኝ ስለሰነበተ ጊታሬን አወጣሁ። ወፍራሙን ክር ልል እስኪል ድረስ ዝቅ አድርጌ ቃኘሁት፤ የዴዝ ሜታል ሰዎች እንደሚያደርጉት። መጀመሪያ ከአልበሙ የማስታውሰውን ሪፍ፣ ያን የሚደጋገም የጊታር ሐረግ፣ ሞከርኩ፤ አልወጣልኝም፣ እጄ የሆቴል እጅ ነው። እየዳበስኩ ሳለ ጣቶቼ ወደሚያውቁት ሄዱ። አንድ ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ፣ ከዚያ ሰፊ ዝላይ፣ ከዚያ እንደገና ግማሽ ድምፅ። ደገምኩት። አንቺ ሆዬ ነበር። የሠርግ ቅኝት! ሰዎች ዴዝ ሜታልን የሚያስፈራ ያደረጉት በነዚያ ተቀራርበው በሚፋጩ ድምፆችና ሦስት ሙሉ ድምፅ ተራርቀው በሚጣሉት ሁለት ድምፆች ነው፤ አንቺ ሆዬ ውስጥ ሁለቱም ቁጭ ብለዋል። እኛ ይህን ቅኝት ይዘን ስንት ዓመት ሙሽራ ስንሸኝ ኖረናል፣ ማንም አልፈራ።

ቀስ አድርጌ፣ ክሩን በመዳፌ እያፈንኩ፣ ከብዶ እንዲወርድ አድርጌ ተጫወትኩት። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። አባባ በጨለማው ውስጥ እግራቸው ወለሉን ሲመታ ይሰማኛል። አቆምኩና ጠበቅኩ፤ እውነቱን ለመናገር «ይበል» የምትለዋን ቃል ነበር የጠበቅኩት።

«አንቺ ሆዬ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«ነው አባባ።»

«እንዲህ አድርገህ ሠርግ ቤት እንዳትጫወተው፤ ሙሽራዋን ታስደነብራለህ።»